አንገት ራጅ ለምትነሱ፦ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ራጅ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አንገት ሊነሳ የሚመጣ ሰው የሚሠራው ስህተት ግን አሁንም ያው ነው። ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ከሁሉ በፊት የሚያናድደኝን ልናገር። ወድቆ ወይም መኪና ገጭቶት አንገቱን የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ይታሻል፣ ይጠመዘዛል፣ ሲብስበት እኛ ጋ ይመጣል። ስለ ቁርጭምጭሚት ወለምታ ሌላ ቀን እንከራከር፣ አንገት ግን ቀልድ አይደለም። በእነዚያ 7 ትንንሽ አጥንቶች መሀል ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ አንድ ጊዜ ቀጭ ማድረግ ብቻ እጅና እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፣ ስብራቱ ላይኛው አጥንት ላይ ከሆነ ደግሞ መተንፈስም ሊያስቆም ይችላል።

አንድ ቀን ግንባታ ላይ ከእንጨት መወጣጫ የወደቀ ልጅ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው። ከወደቀ 3 ቀኑ ነው፣ በቅቤ ታሽቶ አንገቱ ያብረቀርቃል። ጭንቅላቱን ግን በሁለት እጁ ደግፎ ይዞታል፣ እንስራ እንደተሸከመ ሰው። "ወንድሜ፣ እጅህን አውርድ" ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እንደዚያ ራሱን የሚደግፍ ሰው አንገቱ እንዳልጸና ተማሪ እያለን ተነግሮናል። ቀስ ብለን በጀርባው አስተኝተን፣ ምንም ሳናዞረው በጎን አነሳሁት። አንዱ አጥንት ከታችኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራቷል። በእግሩ የገባው ልጅ በቃሬዛ ወጣ፣ አንገቱ በኮላር፣ እንዳይነቃነቅ በሚይዘው ጠንካራ ማሰሪያ፣ ታስሮ። የታሸበትን 3 ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

እና ከአደጋ በኋላ አንገቱን ያመመውን ሰው አትሹት፣ አታቅኑት፣ ባጃጅ ላይም ቁጭ አታድርጉት። ባለበት ይቆይ፣ አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል 907 ነው። ኮላር ካሰሩለት ደግሞ "ለራጁ ያስቸግራል" ብላችሁ እንዳታወልቁት! ከነኮላሩ እናነሳዋለን። ይውለቅ የሚለው ሐኪሙ ነው።

ሌላው ጌጥ ነው። ሐብል፣ ጉትቻ፣ የጸጉር ሽቦ፣ ወልቆ የሚገባ ጥርስ፣ ሁሉም ቤት ይቅር ወይም እኛ ጋ ይውለቅ። ሹሩባ ብረት ስላልሆነ የማይታይ ይመስላችኋል፣ ግን ወፍራም ጉንጉን አንገት ላይ ሲያርፍ ጥላው ስንጥቅ መስሎ ይወጣል። ወደ ላይ ሰብስባችሁ በጨርቅ እሰሩት።

ማተብ ላይ ግን ጠብ የለንም። አንዲት እናት "ልጄ፣ አንገቴን ቁረጠው እንጂ ማተቤን አልፈታም" አሉኝ። ክሩ እኮ ምንም አይለኝም፣ ችግሩ የብር መስቀሉ ነው። መስቀሉን ብቻ ከክሩ አውጥተን በእጃቸው አስያዝኳቸው። እስክንጨርስ ጨብጠውት ተቀመጡ።

ትከሻችሁን ጣሉ ስንል ደግሞ ከልባችሁ ጣሉ። ሰው ሲፈራ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ያን ጊዜ የታችኛው አጥንት ይሸፈናል። እኔም ጀማሪ ሆኜ፣ ወረፋው በዝቶ ስቸኩል፣ እንዲህ ያለ ፊልም ልኬ አውቃለሁ። ሐኪሙ አስጠርቶኝ በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። አንድ፣ ሁለት... ስድስት። "ሰባተኛው የት ሄደ?" አለኝ። ሰውየውን ከመኪና ማቆሚያው ሮጬ መለስኩት። ስለዚህ "ድገም" ስንላችሁ አትቆጡን። ትንፋሻችሁን አስወጥታችሁ ያዙት፣ ያን ጊዜ ትከሻ ወረድ ይላል። ምራቅም አትዋጡ።

"ጨረሩ አይጎዳኝም ወይ?" የሚለውን ስንቴ እንደመለስኩት! የአንገት ራጅ ወደ 0.2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ማንኛችንም ከአፈርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 እናገኛለን፣ ስለዚህ የአንድ ወር ያህል ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም የተጠራጠረች ሴት ግን ከመነሳቷ በፊት ትንገረን። ጨረሩ ሆድ ላይ ባያነጣጥርም ማወቅ አለብን።

ራጅ ሁሉን የሚያሳይ የሚመስላቸውም አሉ። አጥንት ነው በደንብ የሚታየው። ዲስክ (በአጥንቶቹ መሀል ያለው ትራስ) እና ነርቭ አይታይም። እጁ እየደነዘዘ "ራጁ ምንም የለውም ብሏል" ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሐኪሙ ጋ መመለስ አለበት፣ ኤምአርአይ (እነሱን የሚያሳይ ሌላ ምርመራ) ሊያስፈልገው ይችላል። በተቃራኒው የ60 ዓመት ሰው ውጤቱ ላይ "የአጥንት መበላት" የሚል አንብቦ እንቅልፍ ያጣል። አባባ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያ የሌለበት አንገት ብርቅ ነው፤ እንደ ሽበት ይዩት።

አንገት ራጅ የተዋጠ ነገር ጉሮሮ ላይ መቅረቱን ለማየትም ይነሳል። ልጅ ሳንቲም ዋጠ ብላችሁ ስትመጡ ሙዝና እንጀራ አታጉርሱት። ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ደግሞ ደቂቃም አትጠብቁ፣ ጉሮሮን በ2 ሰዓት ውስጥ ማቃጠል ይችላል። ወረፋ ቢኖርም በሩን አንኳኩና "ባትሪ ነው" በሉን።

የድሮ ፊልም ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ሐኪሙ ያስተያያል። ግን አራት ቦታ አጥፋችሁ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም የምትልኩትም፣ እኛ የምናየው የመስኮቱን ፍሬም ነው።