ሲጋራ ካቆማችሁ በኋላ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነርስ ነኝ። ሲጋራ ያቆመ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ያው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ሲያጨስ ሳገኘው ደግሞ አንጀቴ ያርራል። ብዙዎቹን የሚጥላቸው የዕለት አበላላቸውና አዋዋላቸው ነው።

ቡናን እንደ ድሮው መጠጣት

ይህን በየቀኑ እናገራለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ጭሱ ሲቀር ያ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ የለመዳችሁት ቡና በደማችሁ ውስጥ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ካፌይን ሊተው ይችላል።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ካቆመ በ11ኛው ቀን መጣ። «ሲስተር፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍም የለኝም። ሲጋራው ሳይሻለኝ አይቀርም» አለኝ። ስንት ቡና እንደሚጠጣ ጠየቅኩት። «ያው እንደ ወትሮው፣ ስድስት ሰባት ስኒ» አለ። «ወንድሜ፣ ሁለት ብቻ ጠጣ፣ ከምሳ በኋላ አትንካው» አልኩት። በሳምንቱ ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

ቡናውን ቢያንስ በግማሽ ቀንሱ። በረካ ሳይጠጡ መነሳት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ለጊዜው አቦልን ጠጥታችሁ ተነሱ፤ ጀበናው አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ አይጠፋም።

አፍን በጣፋጭ ማታለል

ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ሰውነትም ጉልበት በፍጥነት እንዲያቃጥል ያደርጋል። ሲቆም ሁለቱም ይገለበጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው።

ባለቤቴ ሲያቆም አዘንኩለት። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ሳምቡሳ፣ ማታ ደግሞ ጉርሻ በጉርሻ ላይ። በአምስት ወር 8 ኪሎ ጨመረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በኋላ የገብስ ቆሎ በኪሱ፣ የተላጠ ካሮት በምሳ ዕቃው አደረግኩለት። አምሮቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ አንድ ጭብጥ ቆሎ ቆርጥሞ ለመጨረስም ያንኑ ያህል ይፈጃል።

ሲጋራ ባቆማችሁበት ሳምንት ምግብ መቀነስ

አታድርጉት። የራበው ሰው ይነጫነጫል፣ የተነጫነጨ ሰው ሲጋራ ያምረዋል። ቁርስ ብሉ።

ሆድ ሲደርቅና ሳል ሲመጣ መደንገጥ

ሁለቱም ይመጣሉ። ለሆድ ድርቀቱ ጎመን፣ ምስርና ብዙ ውሃ። ሳሉ ሳንባችሁ ራሱን እያጸዳ ስለሆነ ነው። ሁለት ሳምንት ከሞላው ወይም ደም ካለበት ግን ለቲቢ መመርመር አለባችሁ፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

በሺሻ መተካት

ሺሻም ትንባሆ ነው። ጫቱም ሲጋራውን ይጠራል።

ለሐኪም አለመናገር

በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ወይም ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ። ሲጋራ ሲቆም የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እንጦጦ መውጣት

ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለዓመታት ያጨሰ ሰው እዚያ ሮጦ ትንፋሹ ሲቆራረጥ «አበቃልኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከሰፈራችሁ ጀምሩ። እኔና ባለቤቴ ገልባጭ መኪኖቹ አቧራውን ሳያስነሱት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ኮዬ ፈጬ አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት እንራመዳለን። እያወራችሁ መራመድ ከቻላችሁ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ማውራት ካቃታችሁ ቀስ በሉ።