የሌብል ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ኤክስፖርቱን ሞክሩ

አልበምና ነጠላ ዜማ የምታወጡ፣ የሪሊዝ ሥራችሁን የሚይዝ ሶፍትዌር ስትመርጡ በሻጩ ዴሞ አትወስኑ፤ እዚያ ሁሉም ያምራል። በነጻ መሞከሪያው ጊዜ አንድ አስቸጋሪ አልበም አስገቡ፦ ርዕሱ በግዕዝ ፊደል፣ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የሠሩት ሁሉ ከነድርሻቸው። ከዚያ በሲኤስቪ (መረጃው በኮማ ተለያይቶ በሚቀመጥበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጡትና በኖትፓድ ክፈቱት። በኤክሴል አይሆንም፤ የአልበሙን ባርኮድ መነሻ ዜሮ ራሱ ስለሚውጠው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከወጣ፣ ወይም ለእያንዳንዱ የተቀረጸ ዜማ የሚሰጠው ባለ 12 ሆሄ መለያ ኮድ፣ አይኤስአርሲ፣ ከጎደለ፣ እርሱት። ስሙንም እዩ። «የቤተሰብ ስም» ብሎ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ድምፃዊውን በአባቱ ስም ይደረድረዋል፤ የክፍያ ቀን ስትፈልጉት ትውላላችሁ።

ማስገቢያው ገጽ ውጪውን ነው የሚያሳየው። የወጣው ፋይል ግን መረጃው ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ይናገራል፤ ነገ ሶፍትዌር ብትቀይሩም ይዛችሁት የምትሄዱት እሱኑ ነው።

እንደኛ ቱሉ ዲምቱ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ የሚሄድባችሁ፣ ዋቭ (ያልታመቀ የድምፅ) ፋይል በስልክ ዳታ ጭናችሁ መሃል ላይ አቋርጡት። በሲዲ ጥራት የአንድ ደቂቃ ስቴሪዮ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከቆመበት የማይቀጥል ከሆነ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ጥድፊያ ጉድ ይሠራችኋል።

ለሙከራ ገና ያልወጣ ሥራ አትጫኑ፤ የቆየ አልበም ይበቃል። በዓመት አንድ ሁለት ነጠላ ዜማ ብቻ ለምታወጡ ደግሞ ሶፍትዌሩም አያስፈልግም፣ ተራ ሰንጠረዥ ይሠራል።