በድሬዳዋ ገጠር ፋብሪካ ሊተከል ሲታሰብ ቀበሌው እንዴት መቆጣጠር ይችላል?

የገጠር ቀበሌ ምክር ቤት የኢንቨስትመንት ፈቃድ አይሰጥም። ይህን የሚያውቁ ብዙ ተመራጮች «በእኛ እጅ ምን አለ?» ብለው ነገሩን ከጅምሩ ይተዉታል። ይሁን እንጂ ፈቃዱ ከሚመሠረትባቸው ሰነዶች አንዱ፣ ማለትም የሕዝብ ምክክሩ ቃለ ጉባኤ፣ የሚዘጋጀው እዚያው ቀበሌ ውስጥ ነው። ቀበሌው አቅም የሚኖረውም በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

መጀመሪያ ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ይረጋገጥ። ድሬዳዋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደርና ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ስትሆን፣ ገጠሯ ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልሎች ጋር ይዋሰናል። ወሰኑ ከታለፈ አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮም ፍርድ ቤቱም ይለወጣል።

ቀጥሎ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርቱ፣ ማለትም ፋብሪካው በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳየው ጥናት፣ ይጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መጽደቁን ማረጋገጥ አለበት፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ሊሰበሰብበት ይገባል። በቃል መጠየቅ «ነገ ተመለሱ» ከማስባል አያልፍም። ጥያቄው በጽሑፍ ከቀረበ ግን የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የ30 ቀን የመልስ ገደብ ያስቀምጥለታል።

ሪፖርቱ ወፍራም፣ ብዙውን ጊዜም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሚሆን ከገጽ እስከ ገጽ ማንበብ አያስፈልግም። የአካባቢውን የሳይንስ መምህር አስቀምጦ ሁለት ነገር መፈለግ ይበቃል፦ ፋብሪካው በቀን ስንት ሜትር ኪዩብ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ፍሳሹም የት እንደሚወርድ። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ በመሆኑ ሁለቱ ጥያቄዎች በተግባር አንድ ናቸው። የፍሳሽ ማጠራቀሚያው በአሸዋማ ደረቅ ወንዝ ዳር ከተነደፈ በዝምታ መታለፍ የለበትም፤ ደርቆ የሚከርም ወንዝ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ በድሬዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ በ1998 ክረምት በጎርፉ አሳይቷል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የምክክር ስብሰባው ነው። ስብሰባው ችሮታ አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካቸው ሰዎች ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ችግሩ የሚመጣው ከፊርማው ነው። ሰው ሲገባ በር ላይ ስሙን አስመዝግቦ ይፈርማል፤ አበል ካለም ሌላ ወረቀት ላይ ይፈርማል። እነዚህ ፊርማዎች በኋላ ከቃለ ጉባኤው ጀርባ ተያይዘው «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ለሚል ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ። በአንድ ቀበሌ ሴቶች ስለ መጠጥ ጉድጓዳቸው አጥብቀው ያነሱት ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ላይ «ለቀረቡ አስተያየቶች ማብራሪያ ተሰጥቷል» በሚል አንድ መስመር ተጠቅልሎ አይቻለሁ። ጉድጓዱ ሲጎድል ያቀረቡት አቤቱታም «ተስማምታችሁ ፈርማችኋል» የሚል መልስ ነው ያገኘው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ከመፈረሙ በፊት በመገኘት መቆጣጠሪያው ራስጌ ላይ «የመገኘት ፊርማ ብቻ፤ ስምምነትን አያመለክትም» ተብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍ። የባለሀብቱ ወገን የራሱ ጸሐፊ ቢኖረውም ቀበሌው የራሱን ይመድብ። ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞና እንደ ቀበሌው በሶማሊኛ እንዲተረጎም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በአማርኛ ብቻ የተሰጠ ማብራሪያ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ማብራሪያ አይባልም። ቃለ ጉባኤው ሰው ሳይበተን ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ተቃውሞ ያነሳ ሰው ስሙና ጥያቄው በተናገረው ቃል ይስፈር፤ በመጨረሻው መስመርና በፊርማው መካከል ክፍት ቦታ ከቀረ በሰረዝ ይዘጋ። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በዚያው ቀን በቀበሌው እጅ ይግባ። አንዳንዶች ስብሰባውን በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ይበቃል ይላሉ፤ እኔ አይመስለኝም፤ የሰዓታት ቪዲዮ ቁጭ ብሎ የሚያይ ባለሥልጣን አላጋጠመኝም።

ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የጉድጓዶቹ ልክ ይያዝ። ገመድ ላይ ድንጋይ ታስሮ ማለዳ፣ ሰው ሳይቀዳ፣ እስከ ጉድጓዱ ወለል ይወርዳል፤ ሲወጣ እርጥቡና ደረቁ ክፍል ለየብቻ በሜትር ተለክቶ ቀኑ ይመዘገባል፤ የጉድጓዱ ባለቤትና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ልኬቱ በበጋ አንዴ፣ ከክረምት በኋላም አንዴ ቢደገም ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ለውኃው መጉደል ድርቁ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። የጥራት ምርመራም ቢቻል ይጨመር።

የእርሻ መሬት የሚወሰድ ከሆነ ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በ2016 ከወጣው ማሻሻያው፣ ከቁጥር 1336፣ ጋር አብሮ ይነበብ። በ2011ዱ አዋጅ መሠረት ባለይዞታዎች በመደበኛው አሠራር መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ሊመከሩ ይገባል፤ በማስለቀቂያ ትእዛዙ ላይ ቅሬታ ያለውም ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። ጫትና ማንጎ የተተከለበት ማሳ ቆጠራ ሲካሄድ ባለቤቱ በቦታው ይገኝ።

ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ ብክለት ቢታይ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ ባይደርስበትም፣ ለአስተዳደሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይቻላል፤ በድሬዳዋ ክሱ የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱ 30 ቀን የሚቆጠረው አቤቱታው መዝገብ ቤት ገቢ ከሆነበት ዕለት አንሥቶ ስለሆነ፣ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ማኅተም በቅጂው ላይ ሳያርፍ ከመስኮቱ መነሳት አይገባም።