የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ከማስከልከላችሁ በፊት ራሱ እንዲወስን እንዴት እንደምታግዙት

እኛ መንዝ አካባቢ አንድ ሰው የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለበት "እሱ ምን ያውቃል" ይባልና በጉም ይሸጥበታል መሬቱም ይከራይበታል፣ ወንድሜ ላይ ስላየሁት ነው ምጽፈው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ፍርድ ቤት ሰውን "በፍርድ የተከለከለ" እንዲለው ይፈቅዳል፣ ከዛ በኋላ ሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። ግን እኮ ኢትዮጵያ በ2002 የተባበሩት መንግስታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) አጽድቃለች፣ አንቀጽ 12 እንዲህ ያለ ሰውም እንደማንኛችንም የመወሰን መብት አለው፣ ሲወስን ደሞ ድጋፍ ያግኝ ነው ሚለው።

መጀመሪያ ማን እንዲያግዘው እንደሚፈልግ እሱን ጠይቁት። ወንድሜ እኔን ትቶ የጎረቤታችንን ልጅ መረጠ፣ ከፍቶኝ ነበር፣ ግን እሷ ቀስ ብላ ነው ምታወራው እኔ እቸኩላለሁ። መሬቱን የሚያርሰው ሰው ግን በመሬቱ ጉዳይ አጋዥ አይሁን።

ከዛ በየቱ ጉዳይ እገዛ እንደሚፈልግ ለዩ፣ ብር ላይ ነው ህክምና ላይ ነው? ልብሱንና ምግቡን ራሱ ከመረጠ እዛ አትግቡ።

ዋናው ስራ ማስረዳቱ ነው። ሙክቱን መሸጥ ነው እንበል፣ "እንሽጠው አይደል?" ካላችሁት እናንተን ለማስደሰት እሺ ይላል። ይልቅ በገበያ ቀን ይዛችሁት ውጡ፣ የሰው በግ ስንት እንደሚሸጥ ይስማ፣ ብሩን ቆጥራችሁ አሳዩትና ምን እንደሚገዛ፣ ለፋሲካ ቢቆይ ደሞ ምን እንደሚሆን ንገሩት፣ ከዛ ይደርበት፣ በማግስቱ አዙራችሁ ጠይቁት። መናገር ለማይችል ፊቱንና እጁን ማንበብ አለ፣ ጊዜ ይወስዳል። እምቢ ካለ እምቢ ነው።

ስምምነቱን በቀላል አማርኛ ጻፉት፣ አጋዡ ያስረዳል እንጂ አይወስንም በሉ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ይሄ ወረቀት ግን ውክልና አይደለም። በሱ ስም ሰው እንዲሄድለት ከፈለገ ውክልና ይስጥ፣ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ማንበብና መጻፍ ማይችል ሰው ውል ላይ አሻራ ሲያደርግ ውልና ማስረጃ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

ባንክ ስትሄዱ ደሞ እሱ ከፊት ይቀመጥ። አንዴ ሰራተኛዋ እሱ እዛው ተቀምጦ "ስንት ይፈልጋል?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ፣ እኔም መለስኩላት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን "እሱን ጠይቂው" እልና ዝም እላለሁ፣ ወረፋው ቢረዝምም ይጠብቃል።