«መነሻ ያልተሰጠው ቫሪያብል»፦ የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ ችግርና መፍትሔ

ምልክቱ፦ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የታክሲ ሒሳብ የሚያወጣ የሲ ፕሮግራም በተጻፈበት ማሽን ላይ ልክ ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ 32767 ብር ይላል።

ምክንያቱ፦ ሲ ፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረን ቫሪያብል ዜሮ አያደርግም፤ ስታኩ (ፈንክሽኖች ለጊዜው የሚጠቀሙበት ሜሞሪ) ላይ የቀረውን ይዞ ይነሳል። 32767 ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የስታክ አድራሻ የላይኛው ግማሽ ነው። ቪዡዋል ስቱዲዮ በዲበግ (ስህተት መፈለጊያ) ሞድ -858993460 ካወጣም በሽታው ያው ነው። ግሎባልና ስታቲክ ከዜሮ ስለሚነሱ እዚህ የሉበትም።

ደጋግሞ የሚመጣው ይኸኛው ነው። ታሪፉ በኢፍና በኤልስ ኢፍ ይደረደራል፦ «ከ2.5 ኪሎ ሜትር በታች»፣ «ከ2.5 በላይ፣ ከ5 በታች»፣ «ከ5 በላይ»። ልክ 5 ኪሎ ሜትር የሆነ ጉዞ የትኛውም ውስጥ አይገባም፤ ሒሳቡ ሳይሞላ ይታተማል። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) «ሳይሞላ ሊቀር ይችላል» የሚለው ይህን ቀዳዳ አይቶ ነው። ስንቱ ግን ቫሪያብሉ የተፈጠረበት መስመር ላይ ዜሮ ለጥፎ ያልፋል! ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ተሳፋሪው በነጻ ይሄዳል፣ ስህተቱን የሚናገርም አይኖርም። ዜሮ መነሻነቱ ለድምር ነው፤ ለብዜት 1 ነው፤ ለታሪፍ ዜሮ ውሸት ነው። ድንበሮቹን «እስከ 2.5»፣ «እስከ 5» አድርጋችሁ እኩልን ጨምሩ፤ የመጨረሻውን ኤልስ ኢፍ ወደ ኤልስ ቀይሩት፤ ዜሮና ከዚያ በታች የሆነ ርቀት ከበሩ ይመለስ።

ማስጠንቀቂያው ካልታየ ኮዱ ንጹህ ነው አትበሉ። ጂሲሲ (GCC የተባለው ኮምፓይለር) ይህን «ሊቀር ይችላል» የሚለውን የሚያወጣው ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን ማፍጠኛው) ሲበራ ነው፤ ኦፕቲማይዜሽን በሌለበት በኦ-0 (-O0) ዝም ይላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያዎችን በሚያበራው በደብሊው-ኦል (-Wall) ላይ ኦ-2 (-O2) ጨምሩ። በኦ-2ም ቢሆን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቋሚ ቁጥር ከሞላው ጂሲሲ ያንኑ ቁጥር ወስዶ ሳይናገር ሊያልፍ ይችላል፤ በክላንግም (Clang፣ ሌላ ኮምፓይለር) አንድ ጊዜ ኮምፓይል አድርጉት።

ተጠቃሚው የጻፈውን የሚያነበው ስካንኤፍ (scanf) ሌላው ወጥመድ ነው። ተጠቃሚው በቁጥር ፋንታ ፊደል ከጻፈ ቫሪያብሉ አይነካም፤ አድራሻው ስለተላለፈ ኮምፓይለሩም አያስጠነቅቅም። ስካንኤፍ የመለሰው 1 መሆኑን ሳታዩ እሴቱን አትንኩ።

አልፎ አልፎ፦ ዲፎልት የሌለው ስዊች፤ በማሎክ (malloc) የተወሰደ ሜሞሪ (ካሎክ፣ calloc፣ ዜሮ ያደርገዋል)፤ በሲ++ ኮንስትራክተሩ መነሻ መስጠት የረሳው የክላስ አባል። እነዚህን ቫልግሪንድ (Valgrind፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሜሞሪ ስህተት የሚፈልግ መሣሪያ) ትራክ ኦሪጂንስ (--track-origins=yes) ሲበራለት ከተፈጠሩበት ቦታ ጋር ያሳያል።