ነጭ ወይን እንዴት ይቀመሳል? ከምን ምግብስ ጋር ይሄዳል?

ለአንድ ጓደኛዬ ልደት ሶቪኞን ብላን የሚባል ደረቅ (ማለትም የማይጣፍጥ) ነጭ ወይን ይዤ ሄድኩ። ኬኩ ሲታደል እኔም ወይኑን ቀዳሁ። ኬክ ጎረስ፣ ወይን ጎንጨት ያደረገ ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። "ይሄ ነገር ኮምጣጤ ሆኗል እንዴ?" አለ አንዱ። ወይኑ ምንም አልሆነም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቅዝቃዜው። ከፍሪጅ እንደወጣ አትቅመሱት፣ ሽታው ታፍኖ ይቀራል። ቀለል ላለ ነጭ ወይን ከ7 እስከ 10 ዲግሪ፣ ሻርዶኔ ለሚባለው ነጭ ወይን፣ በርሜል ውስጥ የቆየ ከሆነ፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከፍሪጅ አውጡት፣ በቃ። ከቸኮላችሁ ደግሞ ጠርሙሱን በረዶና ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ንከሩት። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በየቦታው አይነካውም፣ ውሃው የግድ ነው።

አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ሲሶውን ያህል ሙሉ። ውድ ብርጭቆ መግዛት ለኔ ገንዘብ ማባከን ነው። አሽትቱት፣ ከዚያ ብርጭቆውን አሽከርክራችሁ ድገሙት። እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ምግብ አያድነውም።

አሁን መቅመስ። እኔ ለዓመታት የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ወይን ሁሉ ጣፋጭ ይመስለኝ ነበር። አፍንጫችሁን ይዛችሁ ተጎንጩ፤ ሽታው ይጠፋል፣ ስኳር ካለው ግን ምላሳችሁ ላይ ይቀራል። ከዋጣችሁ በኋላ ደግሞ ምራቃችሁን ልብ በሉ። ጉንጫችሁ ውስጥ ምራቅ ሙልት ካለ አሲዱ ከፍተኛ ነው። ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ጣፋጩ እንኳ ብዙ ጊዜ አሲዱ ኃይለኛ ነው፣ ስኳሩ ሸፍኖት ነው እንጂ። ምላስ ይታለላል፣ ምራቅ አይዋሽም።

ከምግብ ጋር ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለማየት ስኳር፣ ሎሚና ጨው ብቻ ይበቃል። ደረቅ ነጭ ወይን ቅመሱ። ትንሽ ስኳር ላሱና ወይኑን ድገሙት፤ ጥርስ የሚያጠርስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የኔ ኬክ የሠራው ይህንኑ ነው። አፋችሁን በውሃ አጽዱና ሎሚ በጨው ነክታችሁ ወይኑን እንደገና ቅመሱ። ያው ወይን ለስልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ጣፋጭ ምግብ ካለ ወይኑ ከምግቡ የበለጠ ይጣፍጥ። ጨው ወይም ሎሚ የበዛበት ምግብ አሲዳም ወይን ይወዳል፤ ሻብሊ የሚባለው አሲዳም ነጭ ወይንና ኦይስተር (በዛጎል ውስጥ ያለ የባሕር እንስሳ) የሚጣጣሙት ለዚህ ነው። ሶተርን የሚባለው ነጭ ወይንና ሮክፎር የሚባለው አይብ ደግሞ ጣፋጭና ጨዋማ ናቸው፣ አብረው ይሄዳሉ። በሚያቃጥል ምግብ ላይ 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን አትክፈቱ፣ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ሪዝሊንግ ይሻላል።

"ነጭ ለዓሣ፣ ቀይ ለሥጋ" የሚሉትን ብዙም አትስሙ። ክሬም ያለው የዶሮ ሥጋ ከሻርዶኔ ጋር ሞክሩና ፍረዱ።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት። 3 ቀን ያህል ይቆያል።