ስዋሂሊ ወደሚነገርበት አገር የሚሄድ የወንጌል መልእክተኛ ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔና ባለቤቴ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ የሄድነው ለወንጌል አገልግሎት ነው። ስንነሳ "እኛም አፍሪካውያን ነን፤ እንደ ፈረንጆቹ አይከብደንም" እንባባል ነበር። አሁን ለመሄድ የሚሰናዱ ቤተሰቦች ምክር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የማነሳው ይህንን አባባል ነው። አገሩም ሰዉም የእኛን ስለሚመስል ብዙ ነገር ሳንጠይቅ ያወቅነው ይመስለናል፤ ያሳሳተንም እሱ ነው።

የሚመስል ቃል ሲያገኙ መዝናናት

ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ቢሆንም ከዐረብኛ ብዙ ቃል ወስዷል፤ ዐረብኛ ደግሞ የግእዝና የአማርኛ ዘመድ ነው። ዳሙ ደም፣ ናፍሲ ነፍስ፣ ሳባ ሰባት፣ ሃምሲኒ ሃምሳ፣ ዳኪካ ደቂቃ ሆኖ ሲገኝ ልብ ይሞቃል። ግን ኤልፉን እዩት። መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ "እልፍ" ዐሥር ሺህ መሆኑን የለመደ ሰው ገበያ ወጥቶ ኤልፉ ሲባል ዐሥር ሺህ ይመስለዋል። ኤልፉ አንድ ሺህ ነው።

የቀን ስም ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በስዋሂሊ ቆጠራው ከቅዳሜ ይነሳል፦ ጁማሞሲ ቅዳሜ፣ ጁማፒሊ እሑድ፣ ጁማታቱ ሰኞ፣ ጁማኔ ማክሰኞ፣ ጁማታኖ ረቡዕ። "ታኖ" አምስት ነው። አንዲት ጎረቤታችን "ጁማታኖ ምሳ ኑ" ብላ ስትጠራን እኛ አምስተኛውን ቀን ሐሙስ ብለን ያዝን፤ በእኛ ቆጠራ ሐሙስ አምስተኛ ነዋ። እሷ ግን ረቡዕ ፒላው (በቅመም የሚሠራ ሩዝ) ሠርታ፣ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ሳህኖቹን በጨርቅ ሸፍና እስከ ማታ ጠብቃናለች። በማግስቱ አዲስ ልብስ ለብሰን ደጇ ስንቆም አንድም የቅሬታ ቃል አልወጣትም። "ፖሌኒ" (አይዟችሁ) አለችን፤ የተረፈውን አሙቃ አቀረበችልን። እኔ ግን ጉርሻው አልወርድ አለኝ። ሐሙስ "አልሃሚሲ" ይባላል፤ እሱም ከዐረብኛው አምስት የመጣ ነው። ስለዚህ ሳምንቱ ውስጥ ሁለት አምስት እንዳለ አትርሱ።

የሰዓቱ ቆጠራ ግን እንደ እኛው ነው። ሳአ ሞጃ አሱቡሂ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚዞሩ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

አክብሮትን በ"እርስዎ" መፈለግ

ስዋሂሊ ውስጥ "እርስዎ" የለም። ሽማግሌውም ሕፃኑም "ዌዌ" ነው። ባለቤቴ ይህ አልዋጥ ብሎት አንድ አዛውንትን "ኚኚ" (እናንተ) እያለ ሲያናግር፣ ሰውየው ሌላ ማን አለ ብለው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። የዚያ አገር አክብሮት ያለው ሰላምታው ላይ ነው። ታናሽ ታላቁን ሲያገኝ "ሺካሞ" ይላል፤ ታላቁ "ማራሃባ" ብሎ ይመልሳል። ቃሉ እግርዎን ይዣለሁ ከማለት የመጣ ነው ይባላል። ጉልበት መሳምን ለሚያውቅ የእኛ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልግም። ልጆቻችሁን ከቁጥርም ከቀለምም በፊት ሺካሞን አስተምሯቸው። የኛዎቹ ዝም ብለው በአዛውንት ፊት ሲያልፉ ለሳምንታት ያልተቀጡ ልጆች ተደርገው እንደታዩ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሱቅ ገብታችሁ "ኒፔ" (ስጠኝ) አትበሉ። "ናኦምባ" በሉ፤ እለምናለሁ እንደማለት ነው። ሰው ደጅ ስትደርሱ የእኛን "ቤቶች!" የሚተካው "ሆዲ" ነው፤ "ካሪቡ" እስኪባል ቆሞ መጠበቅ ነው።

ስለ "ፖሌ" ትንሽ ልጨምር። ብዙ ሰው ይቅርታ ማለት አድርጎ ይይዘዋል፤ ለይቅርታ ግን "ሳማሃኒ" አለ። ፖሌ የእኛ "እኔን!" ነው፤ "አይዞሽ" ነው፤ "እግዜር ያጥናሽ"ም ነው። ለተደናቀፈም፣ ለታመመም፣ ሐዘን ለገባውም፣ ከሥራ ደክሞ ለሚመለስም ይባላል። ፖሌ ሳይል የሚያልፍ መልእክተኛ ስብከቱ የቱንም ያህል ቢያምር የሚሰማው ያጣል።

አባትን ትምህርት ቤት ልኮ እናትን ቤት ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። የላኩን ሰዎች በጀት ሲይዙ የቋንቋ ትምህርት ክፍያ ያሰቡት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ለባለቤቴ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከልጅ ጋር እየተጫወቱ በጥቂት ወር አፋቸውን ፈቱ። እኔ ከከሰል ምድጃና ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ጋር ቀረሁ። ከዚያ አመመኝና የዘጠኝ ዓመት ልጄን አስተርጓሚ አድርጌ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ስንት ቀን እንደደማሁ ስትጠይቅ፣ ልጄ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሳ ፊቴን እያየች ዝም አለች። ያንን ፊት አልረሳውም። የሕፃን ትከሻ ላይ የማይጫን ሸክም ነው የጫንኩባት። ከመሄዳችሁ በፊት የሁለታችሁም ክፍያ በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ ልጅ የሚይዝ ሰው ወጪም አብሮ ይታሰብ። ልጅን ለገበያ ማስተርጎም ይቻል ይሆናል፤ ለሕመም፣ ለፖሊስና ለጠብ ግን በፍጹም።

በፊደላችን እየጻፉ ማጥናት

ሁላችንም ያደረግነው ነው። ፊደላችን ሳናውቀው ቃሉን ያጠብቅብናል፣ የመጨረሻውን አናባቢም ያስውጠናል፤ ስዋሂሊ ግን አያጠብቅም፣ ቃሉም በአናባቢ ነው የሚያልቀው። ደብተራችሁ ላይ በላቲን ጻፉት። ስሞችንም ብቻቸውን አታጥኑ፤ የቅጽሉ መነሻ እንደ ስሙ ስለሚለዋወጥ ከቅጽል ጋር አጣምሩ፦ ምቶቶ ምዙሪ (ጥሩ ልጅ)፣ ዋቶቶ ዋዙሪ (ጥሩ ልጆች)፣ ኪታቡ ኪዙሪ (ጥሩ መጽሐፍ)፣ ቪታቡ ቪዙሪ (ጥሩ መጻሕፍት)። በግሱ በኩል ግን ታድለናል። "ኒናኩፔንዳ" እንደ "እወድሃለሁ" አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ይይዛል።

ቋንቋው ሳይበስል ለመስበክ መቸኮል

በእንግሊዝኛና በአስተርጓሚ መጀመር ያጓጓል። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን አስቡ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ውስጥ የሠራው ያ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1844 ሞምባሳ (የዛሬዋ ኬንያ ወደብ) ገባ። በዚያው ዓመት ሚስቱንና ገና የተወለደች ልጁን ትኩሳት ነጠቀው። እሱ ግን ስዋሂሊን ይዞ ቀጠለ፤ የሰዋስው መጽሐፉ በ1850 ወጣ፣ መዝገበ ቃላቱ በ1882፣ ካረፈ በኋላ ታተመ።

የእሱ ሐዘን ሌላም ነገር ያሳስባል። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባን አያውቅም፤ ሰውነቱም አልለመደውም። አጎበር ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ይሰቀል። ልጅ ካተኮሰው ነገ እናየዋለን አትበሉ፤ ያንኑ ቀን የደም ምርመራ አስደርጉ። ትኩሳት "ሆማ" ነው። ይህቺን ቃል ከመሳፈራችሁ በፊት ትንሹ ልጃችሁ ጭምር ይያዛት።